የአቶ አስረስ አምስት ፎቶ አንሺዎች

ባሏ ከሞተ በኋላ ጥጥ እየፈተለች አንድ ልጇን ያሳደገች፣ ምላሷን ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራት ሴት ነበረች። ልጅቷን የሰፈሩ ሆቴል ባለቤት የአቶ አስረስ ልጅ አጫት። ሰርጉ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ በመጪው እሁድ እንዲሆን ተቆረጠ። እናትየው ጠላውን ጠምቃ፣ ከሰፈሩ ፎቶ አንሺ ጋርም ተነጋግራ ጨርሳ ነበር።

ሐሙስ ዕለት አቶ አስረስ ሽማግሌዎቹን አስከትለው መጡ።

«አንድ ፎቶ አንሺ ብቻ ይዘሻል አሉ! በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው? ከአምስት ያነሰ አልቀበልም። ካልቻልሽ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን፤ እስከዚያ ፈላልጊ።»

ሙሽሪት ጓዳ ሆና ሰምታ እንባዋ መጣ። ሽማግሌዎቹም አቀረቀሩ። እናትየው ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«አምስቱ ምን ምን ያነሳሉ ጋሼ?»

አቶ አስረስ ጥያቄውን ወደዱት።

«አንዱ የክብር እንግዶቼን ከበር ይቀበላል። አንዱ መኪኖቹን፣ አንዱ የተሰቀለውን ሥጋ፣ አንዱ ደግሞ ስጦታውን ያነሳል። አምስተኛው ከእኔ አይለይም። ለመሆኑ ያንቺው አንድ ፍሬ ፎቶ አንሺ ምን ሊያነሳ ነው?»

«የእኔማ ሥራ አልበዛበትም ጋሼ» አለች፤ «ከእርስዎ የተረፉትን ሁለት ሰዎች ያነሳል። ሙሽራውንና ሙሽሪትን።»

ትልቁ ሽማግሌ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ዱላቸውን አነሱና፣ «በሉ እንግዲህ፣ እሁድ እንገናኝ» አሉ።