አያ ቢሻውና ኩባንያ የናፈቃቸው ደጃዝማች

የሰማሁትን ነው የምጽፈው፤ ያልሰማሁትን እንዳልጨምር እግዚአብሔር እጄን ይያዘው።

እንዶዴ የምትባል አገር ነበረች። ትንሽ ናት፤ በዚህ ጫፍ ሰው ሲያስነጥስ ከዚያኛው ጫፍ «ይማርህ» ይሉታል። ገዥዋ ደጃዝማች ወንድይራድ ነበሩ። ምድሩ ኑግ በኑግ ነው፤ ግን ኑጉን የሚሸምት ነጋዴ የለም፣ አንዳንዱን ዓመት አይጥ ብቻ ይበላዋል። ታዲያ በየአገሩ የዘይት መጭመቂያ የሚተክል የባሕር ማዶ ኩባንያ፣ ከወንዙ ማዶ ወዳሉት ወደ ፊታውራሪ ደባልቄ ሰው ሊልክ ነው ተብሎ ተወራ። ደጃዝማች ይህን ሲሰሙ እንቅልፍ አጡ። «እኔስ ኩባንያ የማይመጣልኝ ምን በድዬ ነው?» አሉ።

አያ ቢሻው ደግሞ ንብ አናቢ ነው፤ የጨፌውም አባት ነው። ጨፌው በወንዙ ዳር ያለ የአገሩ ሁሉ ግጦሽ ነው፤ በበጋ ሌላው ሜዳ ሲደርቅ የእንዶዴ ከብት ነፍሱን የሚያተርፈው በእሱ ነው። የጨፌ አባት ማለት ማንም እንዳያርሰው፣ ማንም እንዳያጥረው የሚጠብቅ፣ አገር የመረጠው ሽማግሌ ነው። አያ ቢሻው የኑጉን ገበያ እንደማንም ይመኘዋል፤ የሚፈራው ገበያው ሲመጣ ጨፌው እንዳይሄድ ነው።

*

ደጃዝማች መኳንንቱን ሰብስበው «ኩባንያ በምን ይመጣል?» ብለው ጠየቁ። አንዱ «አዋጅ እናስነግር» አለ። ሌላው «አገራችን ወተትና ማር ታፈሳለች ብለን እናስወራ» አለ። በሆዳቸውም በስስታቸውም ስም ያወጡት ቀኛዝማች አድማሴ ደግሞ «ይምጣ ብቻ! ከመጣ በኋላ እኛ እናውቅበታለን» አሉ። አያ ቢሻው ከበሩ ሥር ተቀምጧል።

«አንተ ቢሻው፣ ዛሬ ምነው አፍህ ተለጎመ?» አሉት ደጃዝማች።

«ጌታዬ፣ እኔ የማውቀው ንብ ነው። ቀፎዬን በመልካም ቅጠል አጥኜ፣ ሰቅዬ፣ ዞር እላለሁ፤ ንቡም ይገባል። እኛ ግን በየዋርካው ሥር ኬላ አቁመን፣ ገና ከቀፎው ደጃፍ ላልደረሰው ንብ ‹በል ማሩን አምጣ› እንለዋለን።»

*

ደጃዝማች ነገሩ ገባቸውና «ከእንግዲህ ፈረንጅ በኬላዬ ያለ ቀረጥ ይለፍ» ብለው አዘዙ። አገሬው ግን እንደ ድሮው ይቀረጥ ተባለ። አያ ቢሻው ማሩን በአህያ ጭኖ ወደ ገበያ ሲወርድ የኬላው ሹም ጠናጋሻው አስቆመውና ከማሩ ሢሶውን አስቀረበት። ወዲያው አንድ ፈረንጅ ነጋዴ በቅሎዎቹን አስከትሎ ሽው ብሎ አለፈ። ጠናጋሻው ለሰውየው ቀርቶ ለበቅሎዎቹም እጅ ነሣ።

በሚቀጥለው ገበያ አያ ቢሻው፣ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ሰፊ የፈረንጅ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ፊቱን በዱቄት ነስንሶ ከተፍ አለ።

«ቁም! አንተ አያ ቢሻው አይደለህም እንዴ?»

«ነበርኩ።»

«ነበርኩ ብሎ ነገር ምንድነው?»

«እናቴ እዚሁ ወልዳኝ ዕድሜ ልኬን ስትቀርጠኝ ኖርክ። እስከ ገበያው ድረስ ፈረንጅ ልሁን፤ አትጨነቅ ጠናጋሻው፣ ማሩን ሸጬ ባዶዬን ስመለስ ያገርህ ሰው ሆኜ እመጣልሃለሁ።»

*

እግዚአብሔር ሲፈቅድ የኩባንያው ሰው ሙሴ ያኒ መጣ፤ ያን ጊዜ ፈረንጁን ሁሉ «ሙሴ» ይሉት ነበር። አማርኛው ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል እንጂ ሰውየው ጨዋ ነው። ደጃዝማች ግን የጌትነት ነገር ልማድ ሆኖባቸው፣ በስለት የለመኑትን እንግዳ እንደ ተራ ባለጉዳይ ደጅ አስጠኑት። «ጌታ ቶሎ ከታየ ምኑን ጌታ ሆነ!» ይላሉ። ሙሴ ያኒ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ከአጥሩ በር ካለው ወይራ ሥር ተቀመጠ። ጾመ ሐዋርያት ገባ፤ እሱ እዚያው ነው። ፊታውራሪ ደባልቄ ከማዶ ሙክት እየላኩ «ኧረ ወደ እኔ ና» ይሉታል።

አንድ ቀን ሙሴው ድንኳኑን ሲጠቀልል አያ ቢሻው አየና እየሮጠ ወደ አዳራሹ ገባ።

«ጌታዬ፣ ይህን ሙሴ ያኒን ይጠንቀቁት!»

«ምን አደረገ?»

«ምንም አላደረገ፤ ቆየ እንጂ። እዚያ ወይራ ሥር ሲከርም ሕዝቡ የአገሩ ጌታ መሰለው። ባለጉዳዩ ሁሉ እሱ ፊት እየቆመ አቤት ይላል፤ እሱም ወዲያው ይሰማዋል። ጥቂት ከሰነበተ፣ ጌታዬ፣ እርስዎም ጉዳይ ሲኖርዎ ወይራው ሥር ተራ መያዝዎ ነው።»

ደጃዝማች ጫማቸውን ሳያጠልቁ ወጡ ይባላል።

*

ሙሴ ያኒ ለመጭመቂያው ቦታ ሊመርጥ ሲዞር በቅሎው የቀኛዝማች አድማሴን የበልግ ገብስ ቀመስ አደረገች። ቀኛዝማች «ለገብሴ በቅሎዋን ከነጭነቷ ካሰኝ!» ብለው ያዙት። በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ እስኪቀመጥላቸው ድረስ በልብሳቸው ጫፍ ይቆራኙ ነበር፤ አንዱ ወዴት ቢሄድ ሌላው ይከተላል። ቀኛዝማችና ሙሴውም ተቆራኙ። ዳኛው የቀኛዝማች አማች ናቸውና፣ ፈረንጁ ሰልችቶት በቅሎዋን ጥሎ ይሄዳል ብለው «ዛሬ ጊዜ የለኝም፣ ነገም ጊዜ የለኝም» ይላሉ።

«አያ ቢሻው፣ እባክህ ዳኛውን ለምንልኝ» አለ ሙሴ ያኒ።

«ምን ያስለምናል? አንተ መሬት ልታይ አይደለም የመጣኸው? መሬትህን እያየህ ቆይ። አቀበት አቀበቱን ጀምር።»

ሙሴው ቀጭን፣ እግሩ እንደ ሰጎን ነው። ቀኛዝማች ከኋላ እየተጎተቱ፣ ላባቸው ጢማቸውን አልፎ እየወረደ፣ ተራራው ወገብ ላይ ሲደርሱ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። «ማርያምን! በቅሎዋም ገብሱም ይቅርብኝ፤ ብቻ ኩታዬን ፍቱልኝ!» ብለው ጮኹ።

አያ ቢሻው ከታች ሆኖ መለሰ፦

«ጌታዬ፣ ትንሽ ይታገሡ እንጂ፤ ዳኛው እኮ ጊዜ የለኝም ብለዋል!»

*

ኋላ መጭመቂያው ጨፌው ላይ ሳይሆን ከጎኑ ካለው ድንጋያማ ጥግ መተከሉን እንዶዴ ሁሉ ያውቃል። እንዴት እዚያ ሊተከል እንደቻለ ግን እንዲህ ነው።

ፊታውራሪ ደባልቄ ለሙሴ ያኒ «ጉብታዬን እሰጥሃለሁ፣ ማዶ ተሻገር» ብለው ላኩበት። ደጃዝማች ጉብታ ከነምንጩ ሰጡ። ፊታውራሪ ጫካ ጨመሩ። ደጃዝማችም ደማቸው ፈላና «ጨፌውን እንዳለ ውሰደው! ግብር የለ፣ ቀረጥ የለ፣ ለዘላለሙ ያንተ ነው!» አሉ።

አገሩ ክው አለ። እመት የሺመቤት የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አያ ቢሻውን እጁን ይዛ «ወንድሜ፣ በጋ ሲገባ ላሜን የት ላድርሳት?» አለችው።

«አንቺ ጸልዪ፤ እኔ እሄዳለሁ» አላት።

ያገሩ ልማድ ነው፤ መሬት ሲሰጥ የመሬቱ ሽማግሌ ድንበሩን በእግሩ ይዞራል፣ ሕዝቡ ይከተላል፣ እሱ የዞረው ሁሉ የተሰጠ ይሆናል። አያ ቢሻው በትሩን ይዞ ተነሣ። ደጃዝማች፣ ሙሴው፣ ሕዝቡ ሁሉ ከኋላ ተከተሉት። በጨፌው ዳር ሄደ፣ ሄደ፣ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ሳይታጠፍ ቀጠለ። የደጃዝማችን ጎተራ ዞረ። በረታቸውን ዞረ። አዳራሹን ሊዞር ሲል ደጃዝማች «አንተ! አበድክ? ይህ እኮ ቤቴ ነው!» አሉ።

«አውቃለሁ ጌታዬ። ፊታውራሪ ነገ አንድ ነገር መጨመራቸው፣ እርስዎም መብለጥዎ አይቀርም፤ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ሁለተኛ ከምደክም አንዴ ጨርሼው ልግባ ብዬ ነው።»

ሕዝቡ ሳቁን በጋቢው አፈነ። ደጃዝማች ፊታቸው ቀላ፤ ቢሆንም ቃላቸውን በሰው ፊት ማጠፍ አፈሩና «ጨፌውን ብቻ አልኩህ! ተመለስ!» አሉት። ሙሴ ያኒም ቀድሞ ጨፌው መሐል ሄዶ ችካሉን መትከል ጀመረ። አያ ቢሻው ቀስ ብሎ ተጠጋና በጆሮው አንድ ነገር አለው። ሙሴው መዶሻውን አወረደ። ጨፌውን አየ፣ ቀጥሎ ደጃዝማችን አየ። ከዚያ ችካሉን ነቅሎ በትከሻው አድርጎ ወደ ድንጋያማው ጥግ ሄደ፤ «የቦታውን ግብር እከፍላለሁ፤ ደጃዝማች ግብሩን በአገሩ ሽማግሎች ፊት ይቀበሉኝ» ብሎ እዚያ ተከለው።

ደጃዝማች ወደ አያ ቢሻው ዞሩ። «ከደባልቄ አብልጬ የሰጠሁትን ሰው! አንተ ቢሻው፣ ምን ብለህ ነው ያስፈራራህብኝ?»

«ምንም አላስፈራራሁት ጌታዬ፤ ጠየቅሁት እንጂ። ‹ሙሴ ያኒ፣ የገዛ ሰዎቻቸውን ግጦሽ ለማያውቁህ ለአንተ በነፃ የሰጡ ጌታ፣ ነገ ሌላ የማያውቁት ሰው ሲመጣ የአንተን መጭመቂያ ምን የሚያደርጉት ይመስልሃል?› አልኩት።»