አንድ ድንጋይ ለሦስት ጫንቃ

በአንድ ወቅት፣ ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ፣ ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ ጀርመን አገር ሲሠራ የሚውልበት አንድ ቢሮ ነበረ። ኮምፒውተሩ እዚያ ማዶ፣ ጣቱ እዚህ። ሥራው የጭነት መኪኖች የጫኑትንና ያራገፉትን መመዝገብ ነው፤ እዚህ ያለው ሰው ካልመዘገበ እዚያ ያለው መኪና ከግቢ አይወጣም።

ቢሮው አንድ አመል ነበረበት። እጅ ላይ ያለው ኪቦርድ የእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ማዶ ያለው ኮምፒውተር ግን በጀርመን ኪቦርድ የሚጻፍበት ይመስለው ነበር። ስለዚህ ዋይን ሲነኩት ዜድ ይወጣል፣ ዜድን ሲነኩት ዋይ። ሰረዙ፣ ቅንፉና የጥያቄ ምልክቱም ሠፈር ተቀያይረዋል። ሠራተኞቹ ለማን አቤት እንበል ሳይሉ መላ ፈጠሩ። የቁስል ፕላስተር በመቀስ እየቆረጡ፣ በትክክል የሚወጣውን ፊደል በእስክሪብቶ እየጻፉ፣ ቁልፎቹ ላይ ለጠፉ። ከሁሉም አብዝታ የለጠፈችው ፀዳለ የምትባል ሴት ነበረች። «ኪቦርድሽን ጤና ጣቢያ ውሰጂው እንጂ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር፤ በሥራ ግን የሚቀድማት አልነበረም።

ከፀዳለ ጎን የሚሠራው ሙሐባው ይባላል። ሁለቱም ጊዜያዊ ሠራተኞች ነበሩ፤ አንድ የቋሚ ቦታ ይከፈታል የሚል ወሬም ነበር። ምሳቸውን ከአንድ ሳህን ይበላሉ፤ ስለዚያ ቦታ ግን አንሥተው አያውቁም።

አንድ ቅዳሜ የቢሮው ቴክኒሺያን ልዑልሰገድ የችግሩን ሥር አገኘሁት ብሎ መጣ። ለሙከራ እንዲሆነው የፀዳለ ወንበር ላይ ተቀመጠና የማዶውን ቅንብር ከጀርመንኛ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። በዚያ ወንበር ላይ የተነካው ፊደል ራሱ ሆኖ ወጣ። ተረኛ የነበረው ሙሐባው አጠገቡ ቆሞ አየ፤ ራሱም ነካክቶ፣ እሰይ ተገላገልን አለ። ፕላስተሮቹን ግን ልዑልሰገድ አልላጣቸውም። የሰው ዕቃ ነው፣ ሰኞ ስትመጣ አሳይቻት እሷው ትላጠው ብሎ ተወው። እሁድ ማታ ለሌላ ሥራ ወደ ደሴ ሂድ ሲባል፣ ለፈረቃ ኃላፊዋ ለጥሩወርቅ ደውሎ ለፀዳለ ንገሪያት አላት። እሷም እሺ አለች።

ሰኞ ጠዋት ፀዳለ ገብታ የይለፍ ቃሉን ጻፈች። የይለፍ ቃል ሲጻፍ ፊደሉ አይታይም፤ ነጥብ ብቻ ነው የሚደረደረው። አላስገባ አላት። ደገመች። ጣቷ የሚያምነው ፕላስተሩን ነው፤ ፕላስተሩ ደግሞ ከቅዳሜ ወዲህ ዋሾ ሆኗል። ወደ ጎረቤቷ ዞረች።

«ሙሐባው፣ እስቲ ና እይልኝ። እጄን ምን ነካው ዛሬ?»

ሙሐባው ወዲያው ገባው። አፉን ከፈተና፣ «አብሽሪ፣ መጣሁ» አላት።

አልሄደም። ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ፣ ትናንት የተዘጋ መዝገብ ያገላብጥ ጀመር። እሷ ደጋግማ ሞከረች። በመጨረሻ የማዶው ሥርዓት ሌባ መጣብኝ ብሎ የፈረቃውን መግቢያ በሙሉ ቆለፈ፤ መኪኖቹም ግቢ ውስጥ ቆመው ዋሉ።

ጀርመኖቹ ተቆጡ። የይለፍ ቃል ሊሰብር የሞከረውን ሰው ስም ስጡን፣ አለዚያ ውላችንን እናፈርሳለን አሉ። ጥሩወርቅ ዞር ብላ ቢሮውን አየች። በየወንበሩ ከተቀመጠው ሰው ኋላ ስንት የሚበላ አፍ እንዳለ ታውቃለች። የተጠየቀችው ስም ነው፤ የፀዳለን ስም ሰጠች። የልዑልሰገድ መልእክት ትዝ ያላት ማታ እቤቷ ጫማዋን ስታወልቅ ነው። ነገ እናገራለሁ አለች። ሲነጋ ደግሞ፣ የምንሠራውን አናውቅም ብለን በራሳችን ላይ መመስከር ነው አለችና ዋጠችው።

ልዑልሰገድ ከደሴ ተመልሶ የሆነውን ሲሰማ ኪቦርዱን አንድ ጊዜ ማየት በቃው። ሌላ ሰው እንዳይሳሳት በሚል ፕላስተሮቹን እየላጠ ጣላቸው፤ የፀዳለ ምስክርም አብሮ ተላጠ። ለምን ላጥካቸው ያለው ሲኖር ለጥንቃቄ ነው ይላል። ሲናገር ግን ዓይኑን ከሰው ዓይን ያሸሻል።

ሙሐባው ቋሚ ሆነ። የፀዳለንም ወንበር ሰጡት።

ፀዳለ ከሥራ ተባርራ ቤቷ ዋለች። ሠፈሩ «የፈረንጅ ቁልፍ ሰባሪ» የሚል ስም አወጣላት። ሱቅ ስትገባ ባለሱቁ መሳቢያውን በጉልበቱ ገፋ ያደርጋል። ሥራ ልትጠይቅ ስትሄድ ወሬው ቀድሟት ደርሶ ይጠብቃታል።

ወንበሩ ሙሐባውን አልተመቸውም። የፕላስተሩ ሙጫ ቁልፎቹ ላይ ቀርቷል፤ ሲጽፍ ጣቱን ያዝ፣ ለቀቅ ያደርገዋል። በአልኮል ጠረገው፤ አቧራ ሲነካው መልሶ ያዘ። ኪቦርድ ቀይሩልኝ እንዳይል፣ ለምን ቢሉት ምን ይላል? ምሳው ላይ ግማሹን መብላት ለምዶ ኖሮ፣ ከሳህኑ ወዲያ ማዶ ያለው እንጀራ ሳይነካ ይቀራል። ሲመሽ ለራሱ ሒሳብ ይሠራል፦ ኪቦርዱን የለወጥኩት እኔ አይደለሁም፤ ስሟን የሰጠሁት እኔ አይደለሁም፤ እኔ ያደረግሁት ምንም ነው። እዚህ ላይ ሲደርስ ሒሳቡ ይፈርስበታል፤ ጥፋቱ ያ ምንም ነበርና።

አላስችል ሲለው የሠፈሩ ሽማግሌ አባ ይመር ዘንድ ሄዶ ከቅዳሜው ጀምሮ ያለውን ሁሉ ተናገረ።

«ወንበሩስ?» አሉት አባ ይመር።

አቀርቅሮ ወጣ። በማግሥቱ ግን ቢሮ ገብቶ ያንኑ ደገመው፤ ጥሩወርቅና ልዑልሰገድም መካድ አልቻሉም። ለጀርመኖቹ ተነገረ፤ የፀዳለ ስም ነጻ ወጣ፤ ተመለሺ ተባለች። እሷ ግን እንቢ አለች። ሽማግሌዎች ሄደው ምክንያቷን ጠየቁ።

«ከማን አጠገብ እንደምቀመጥ ሳላውቅ አልገባም» አለች። «በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል። የበደለኝን አምጡልኝ።»

ሦስቱንም ድንጋይ አሸክመን እናመጣልሻለን አሏት።

«አይሆንም አባባ። ድንጋይ ለሦስት ሲፈለጥ ጠጠር ይሆናል፤ ጠጠር ደግሞ ኪስ ውስጥም ይያዛል። አንድ ድንጋይ፣ አንድ ሰው።»

አባ ይመር ሦስቱን ሰበሰቡ። ልዑልሰገድ፣ ያስተካከለ ሰው ነው ወይ ድንጋይ የሚሸከመው፣ ደግሞስ መልእክት ልኬ የለም ወይ አለ። ጥሩወርቅ፣ የሰጠሁት ስም በእውነት ኪቦርዱ ላይ የነበረው ሰው ስም ነው፣ በዚያም ቢሮው ተርፏል አለች። ሙሐባው፣ ሰው በሠራው እንጂ ባልሠራው እንዴት ይከሰሳል አለ።

«አንተማ ምን አለብህ» አለችው ጥሩወርቅ፤ «ከወንበርህ እንኳ አልተነሣህ።»



ቀኑን ሙሉ ድንጋዩን ሲገፋፉ ዋሉ። አባ ይመር ሲሰለቻቸው ወደ ፀዳለ ተመልሰው፣ አንዱ ቢሸከም ሁለቱንስ ምን እንበላቸው አሉ።

«ሁለቱ ካልበደሉኝ ይቅርታዬን ምን ያደርጉታል?» አለች። «ይቅርታዬ ለተሸከመው ነው። የቀሩት በደኅና ይግቡ።»

ይህ ቃል ለሦስቱ ደረሰ። በደኅና መግባት እንዲህ የሚከብድ አልመሰላቸውም ነበር።

እሁድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ከፀዳለ ደጅ ድንጋዩን አስቀመጡ። ሦስቱም ቀድመው መጥተው ነበር፤ ትናንት የተገፋፉትን ዛሬ ተሻሙት።

ልዑልሰገድ፣ የኔ ነው አለ። ሳልነግራት የእጇን ልማድ የነካሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ባልጀምረው እነዚህ ሁለቱ የሚበድሉበት ነገር አልነበረም፤ ምስክሯንም በገዛ ጥፍሬ ላጥኩ አለ።

ጥሩወርቅ ነጠላዋን አደግድጋ ጎንበስ አለች። የተቆለፈ ኮምፒውተር ይከፈታል፣ ከአፍ የወጣ ስም ግን አይመለስም፤ ሳላውቅ ሰጠሁት፣ ካወቅሁ በኋላም ተውኩት፤ ድንጋዩ የኔ ነው አለች።

ሙሐባው ሁለቱንም አየ፤ ከዚያም ድንጋዩን።

«እነሱን አልጠራቻቸውም» አለ። «የጠራችው እኔን ነው።»

ጥሩወርቅ፣ አንተ እኮ ተናግረህ ሸክምህን አቅልለሃል፣ ለኛ ተውልን አለችው። ልዑልሰገድም፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ከርሞ ይቅርታዋንም ሊወስድ ነው ወይ አለ። ሙሐባው ግን እጁን ድንጋዩ ላይ ጫነ።

ፀዳለ በሯን ከፍታ ቆማለች። ማንን እንደምትጠብቅ ፊቷ አይናገርም። አባ ይመር ደም ያቃባ ጠብ ሳይቀር አስታርቀዋል፤ እዚህ ግን ፍርድ ጠፍቶባቸው ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞሩ።

ሰሚዎች ሆይ፣ እንግዲህ እናንተ መዝኑት። አንዱ ሳይናገር አስተካከለ፣ አንዷ ሳታጣራ ስም ሰጠች፣ አንዱ እያወቀ መጣሁ ብሎ ቀረ። ድንጋዩ አንድ ነው፤ ይቅርታውም አንድ ነው። ለማን ይገባል?