ሊጡን ማን ይርገጠው?

ጆሯችሁን አቅርቡ፣ እጃችሁንም ታጠቡ፤ የማወራው ስለ ምግብ ነው። ምግቡ የሩቅ አገር ነው፣ ጣጣው ግን የኛው ሰፈር ነው።

ጣና ዳር አባባ ይነሱ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በጉልበታቸው ዘመን በመርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ሆነው ዓለምን ዞረዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ግን ከአልጋ አልወርድ አሉ፣ ጠያቂ አላይ አሉ፣ በመጨረሻም እህል አልቀምስ አሉ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነርሷ መጥታ ክንዳቸውን ዳበሰችና ልጃቸውን ዘርትሁንን ወደ በረንዳው ጠራቻት። «ዛሬ አራተኛ ቀናቸው ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ እመለሳለሁ። እስከዚያ አንድ ሳህን ካልበሉ ሆስፒታል ወስደን በአፍንጫቸው ቱቦ እናስገባለን» አለቻት።

ዘርትሁን ማድቤት ገባች። ገንፎ ብታቀርብ ፊታቸውን አዞሩ። ሾርባ ብታቀርብ አፋቸውን ገጠሙ። «ታዲያ ምን ላድርግ አባባ? ምን ቢሆን ይበላሉ?» ብላ አለቀሰች። አባባም «ኡዶን» አሏት። ኡዶን ኮቤ ወደብ ላይ አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት ያስተማረቻቸው ወፍራም የስንዴ ክር ነው፤ በዓሣ መረቅ ይበላል። በደጉ ጊዜ ለሚስታቸውና ለልጃቸው ይሠሩላቸው ነበር። «ኡዶን ካልሆነ አልበላም» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ዘርትሁን ደንግጣ ያገኘችውን ፓስታ ቀቀለች፣ ለጣዕም ብላ በርበሬ ነሰነሰችበት። ይኸ ነው ጥፋቷ! አባባ ገና ሽታው ሲደርሳቸው «ኡዶን በርበሬ አያውቅም» ብለው ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡ። ቀትር ሆነ።

አሁን ዱቄት አወረደች፣ ጨው በውሃ አሟሟች፣ አሸች። ሊጡ ደረቅ ነው፤ እንደ ድንጋይ ተቀመጠ። «እጅ አይበቃኝም። እግር ካልረገጠኝ አልላላም» አለ። እውነቱን ነው፤ በዚያ አገር በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ይረግጡታል፤ አባባም እንደዚያው ያደርጉ ነበር። ዘርትሁን እግሯን ታጥባ፣ ጠቅልላ ወጣችበት። ግን ቀጭን ናት፤ ሊጡ ዶሮ የቆመችበት ያህል እንኳ አልመሰለውም።

አባባ አልበላም አሉ፤ ሊጡ አልላላም አለ፤ ፀሐይዋም አልጠብቅም አለች።

ጎረቤታቸው እትዬ ማንጠግቦሽ በሰፈሩ የሚስተካከላቸው የሌለ ደልዳላ ሴት ናቸው። ዘርትሁን ሮጠች። «እትዬ፣ ሊጥ ይርገጡልኝ!»

«ምን አልሽ? እህል በእግር? በሞትኩት! ነውር አይደለም እንዴ? መምሬ መጥተው አይተው ካልፈቀዱ አልረግጥም።»

አባባ አልበላም አሉ፤ ሊጡ አልላላም አለ፤ እትዬ ማንጠግቦሽ አልረግጥም አሉ፤ ፀሐይዋም አልጠብቅም አለች።

መምሬ ልሳኑ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ አንድ እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። «ያላየሁትን አልፈቅድም፣ ልጄ። እንዳልመጣ ደግሞ እግሬን እሾህ ወግቶኛል፤ ጫማዬም ጫማ ሰፊው ጋ ነው። ጫማዬ ካልመጣ አልነሳም» አሉ።

ጫማ ሰፊው ወስፌውን እንደያዘ ሥራ ፈትቷል። «ክር አልቆብኛል። ለዚህ ጫማ የሚሆነው የጋሽ ጎበዜ የመረብ ክር ብቻ ነው። ያለ ክር አልሰፋም።»

አባባ አልበላም አሉ፤ ሊጡ አልላላም አለ፤ እትዬ ማንጠግቦሽ አልረግጥም አሉ፤ መምሬ አልነሳም አሉ፤ ጫማ ሰፊው አልሰፋም አለ፤ ፀሐይዋም አልጠብቅም አለች። ጥላው ረዝሟል፤ ዘርትሁን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወደ ሐይቁ በረረች።

ጋሽ ጎበዜ ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ የአባባ የአርባ ዓመት ጓደኛ። ታንኳቸው ላይ የክር ጥቅል አለ፤ ከጎጇቸው ጣሪያ ሥር በጭስ የደረቀ የዓሣ ቋንጣ ተንጠልጥሏል። ዘርትሁን ክሩንም ቋንጣውንም ለመነች። ሽማግሌው ቀና እንኳ አላሉም።

«አባትሽ ከታመመ ሁለቴ መጣሁ። ሁለቴም በበሩ ውስጥ ሆኖ ‹ማንንም አላይም› ብሎ መለሰኝ። እኔ ማንም ነኝ? እኔ?» የክሩን ጥቅል ወደ ጉያቸው ሳቡ። «እሱ ራሱ በአፉ ‹ና› ካላለኝ አንድ ስንዝር ክር አልሰጥም።»

አባባ አልበላም አሉ፤ ሊጡ አልላላም አለ፤ እትዬ ማንጠግቦሽ አልረግጥም አሉ፤ መምሬ አልነሳም አሉ፤ ጫማ ሰፊው አልሰፋም አለ፤ ጋሽ ጎበዜ አልሰጥም አሉ፤ ፀሐይዋም አልጠብቅም አለች። አያችሁ? መንደሩን ሁሉ ዞራ የደረሰችው ከተነሳችበት አልጋ ነው።

ዘርትሁን እያለከለከች ገባች። ለአባቷ ድምፅ ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ጮኸች። «አባባ! ክሩን የያዙት እርስዎ ነዎት! ጋሽ ጎበዜ አኩርፈዋል። ‹ና› ይበሏቸው!»

አባባ ይበልጥ ወደ ግድግዳው ተጠጉ።

«እናቴን ቀብሬያለሁ። እርስዎን ደግሞ ልቅበር?»

ብርድ ልብሱ ተንቀጠቀጠ። «እንዲህ አጥንቴ ወጥቶ ጎበዜ ይየኝ?» አሉ በቀጭን ድምፅ።

«ይዩዎት!»

የግድግዳው ብርሃን ወደ ቢጫ ዞሯል። አባባ ከንፈራቸውን በምላሳቸው አራሱ። «ና በይው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ቋንጣውንም ይዞ።»

ከዚያ ወዲያ ማን ይቁም! ጋሽ ጎበዜ ክሩን ሰጡ፤ ጫማ ሰፊው ሰፋ፤ መምሬ ጫማቸውን አጥልቀው ተነሱ፣ እያነከሱም መጡ። ሊጡን አዩ፣ ጨርቁን ዳሰሱ። «ጤፉን በሬ ረግጦት አይደል የምንበላው? ወይኑስ በእግር አይረገጥም? የታጠበ እግር ነውር የለበትም፤ እርገጪ» አሉ።

እትዬ ማንጠግቦሽ እግራቸውን ሦስት ጊዜ ታጥበው፣ አማትበው ወጡበት። ሊጡ ጭጭ አለ። ረገጡ፣ አጠፉ፣ ደግመው ረገጡ። ላቡ በጉንጫቸው ወረደ፤ ሊጡም እንደ ሕፃን ጉንጭ ለሰለሰ። ጥቂት አሳረፉት። ዘርትሁን ዳምጣ፣ አጥፋ፣ ወፈር ወፈር አድርጋ ቆረጠች። ጋሽ ጎበዜ ቋንጣውን በቀስታ አፍልተው አጠለሉ፤ አባባ በሣጥን ያኖሩትን ሶያ ሶስ የሚሉትን የአኩሪ አተር ማጣፈጫ፣ ቁንጣሪ ስኳርና ዝንጅብል ጨመሩበት። ክሩ ተቀቀለ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበ፣ መረቁ ፈሰሰበት። ከላይ ባሮ ሽንኩርት። በርበሬ የለም!

የግቢው በር ተንኳኳ። ነርሷ ናት፤ ቦርሳዋን ይዛለች። ከሐይቁ በላይ የቀረው የፀሐይ ጠርዝ ብቻ ነው።

አባባን ጋሽ ጎበዜ ደግፈው አስቀመጧቸው። አንዱ ሌላውን ለማየት አፍረው ሁለቱም ሳህኑን ያያሉ። አባባ አሸተቱ። አንድ ክር በሹካ አነሱ። ክሩ ከሹካው ተንሸራትቶ ተመልሶ መረቁ ውስጥ ወደቀ። ዳግመኛ አነሱት፤ ከንፈራቸው ላይ አደረሱት፤ ከዚያም በኃይል ሳቡት፤ ፉርርርት!

«ውይ አባባ!» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። «እንዲህ እየጮኹ ይበላል እንዴ?»

«እዚያ አገር» አሉ አባባ አገጫቸውን እየጠረጉ፣ «ካልጮኸ ጣፍጧል አይባልም።»

መምሬ ሰው እንዳይሰማቸው በሩን ዞር ብለው አዩ፣ ሌላ ሳህን ሳቡ፤ ፉርት! ጋሽ ጎበዜ፣ ፉርርት! ነርሷ ደጃፉ ላይ ቦርሳዋን እንደታቀፈች ቀረች። አባባ ረጅሙን ክር በሹካቸው ከፍ አድርገው አሳዩአት። «ያንቺ ቱቦ በአፍንጫ ነው የሚገባው፤ የኔ በአፍ ይገባል። ግቢና ብዪ» አሏት። ዘርትሁን ሳቀች፤ ስትስቅም እንባዋ ወረደ።

ጋሽ ጎበዜ ሰጡ፤ ጫማ ሰፊው ሰፋ፤ መምሬ ተነሱ፤ እትዬ ማንጠግቦሽ ረገጡ፤ ሊጡ ላላ፤ አባባ በሉ። ፀሐይዋም ጠለቀች፤ ስትጠልቅ ግን ያያት አልነበረም።

የኔ ክር እዚህ ተቆረጠ፤ ሳህኔን ሙሉልኝ።