የወይዘሮ ውዴ ጋን ቅምሻ

በአንድ ወቅት፣ አንዳርጌ የጠጁን ጋን ከፍቶ ጣሳውን ከላይ ሊነክር ሲል እህቱ ስንዱ እጁን ያዘችው።

«ከላይማ ማንን አቃተው! ማሩ የተኛው ከታች ነው።»

«ሰርገኛ የሚጠጣው ከላይ አይደል? ልቀቂኝ።»

ጋኑ የእናታቸው የወይዘሮ ውዴ ነው። እሳቸው ታመው ወንዝ ማዶ ጠበል ላይ ተኝተዋል። ጠጁ የታዘዘበት ሰርግ እሑድ ነው። የጠጁ ጣፋጭነት ካለቀ ጌሾው ዛሬውኑ ይወጣል፤ ካላለቀ ይቆያል። ከተሳሳቱ ጠጁ ይበላሻል፤ እሳቸውም ሌላ ማር የላቸውም። «ጋኑንም ጠጅ ጣይነቴንም የሚወርሰው ከሦስቱ ልጆቼ እውነተኛውን ቅምሻ ያመጣልኝ ነው» ብለዋል። እኔን ወንድማቸውን ምስክር አድርገው ላኩኝ።

አንዳርጌ ከላይ ቀድቶ፣ ጋኑን ሳያናውጥ፣ ጠርሙሱን ይዞ ሮጠ።

ስንዱ የረጅም መቃ አፍ በአውራ ጣቷ ደፍና እስከ ጋኑ ግርጌ ሰደደች። እዚያ ለቅቃ ሞላችው፤ መልሳ ደፍና መዘዘች። ጠርሙሷ ውስጥ አንቆርቁራ፣ በቡሽ ወትፋ ተከተለችው።

ታናሽ ወንድማቸው ይታየው ግን ዘንግ አንስቶ ጋኑን እስከ ታች አማሰለው።

«ኧረ ከታች የዘቀጠውን አምቡላ አስነሳኸው!» አልኩት።

«አያ ልየው፣ ላይና ታቹ ሳይቀላቀል ምኑን ላስቀምሳት?»

ቀድቶ፣ ክዳን ገጥሞ፣ እሳት ላይ ጣደው። «እሳት ካልነካው መፍላቱ መንገድ ላይም ጣፋጭነቱን ይበላዋል» አለ። የደረስነው መጨረሻ ነው።

ወይዘሮ ውዴ የአንዳርጌን ቀመሱ። «ጣፋጭነቱ አልቋል። ጌሾው ይውጣ።»

የስንዱ ቡሽ ተስፈንጥሮ ጣሪያ መታ። «ይሄ ገና ማር ነው!» አሉ ቀምሰው።

የይታየውን ሲቀምሱ ፊታቸው ተኮማተረ። «ምን አመጣህልኝ? ስካር የለውም!»

«ስካሩን እሳት ወሰደው፣ እማ። ጣፋጭነቱን ንገሪኝ።»

ደግመው ቀመሱ። «ግማሹ አለ። ጌሾው ይቆይ።»

እሑድ ጠጁ አንጀት አራሰ፤ ግን እንደ ክረምት ወንዝ ደፍርሷል። የሙሽራው አባት ብርሌውን ወደ ብርሃን አንስተው «ጭቃ ነው እንዴ የምታጠጡን?» አሉ። ሰው ሳቀ። ከዚያ ጠጡ፣ ድገሙኝም አሉ።

ሰኞ ሦስቱ እናታቸው አጠገብ ቆሙ። ወይዘሮ ውዴ ትንፋሻቸው ቆረጥ ቆረጥ ይላል።

«ጋኑን ሳልነካ የቀዳሁ እኔ ነኝ» አለ አንዳርጌ። «ባያማስለው ጥርት ብሎ ይቀርብ ነበር።»

«ማሩ ከታች መተኛቱን እኔ ባልናገር ማን ያማስለው ነበር?» አለች ስንዱ።

«ልኩን ያመጣሁ እኔ ነኝ» አለ ይታየው።

ወይዘሮ ውዴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልየው ወንድሜ፣ ሲቀዱ ያየህ አንተ ነህ። እኔ ጊዜ የለኝም። ጋኑ ለማን ይገባል?»