ውርንጭላዋ አንገት ላይ የተንጠለጠለው ስልክ

አንድ ጊዜ አንዲት አህያ ጅብ አገባች። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይባላል፤ የዚችኛዋ ባል ግን ጭራሽ ራሱ ጅቡ ነበር! ንክሻው ሲበዛባት በሽማግሌ ፊት ፈታችውና ውርንጭላዋን ይዛ ወጣች።

በሳምንቱ አያ ጅቦ ስልክ ገዝቶ መጣና በገመድ አስሮ ውርንጭላዋ አንገት ላይ አንጠለጠለው።

«ልጄ ስትናፍቀኝ እደውላለሁ። እንዳታጠፊው፤ እንዳታወልቂባት!» አለ። አህያ የአባት ፍቅር መስሏት እንዳለ ተወችው።

ከዚያ ወዲያ ግን እረፍት አጣች። ወንዝ ስትወርድ ጅቡ ማዶ ቆሟል። ዋርካ ሥር ስትጠለል ከኋላዋ ያሽካካል። ወደ ጃርት ቤት ሸሸች፤ ቀድሞ ደጁ ላይ ጠበቃት። ከጃርት ቤት ወደ ገደሉ፣ ከገደሉ ወደ ሸንበቆው ተሰደደች። «ማነው የሚነግርብኝ?» እያለች ወዳጆቿን ሁሉ ጠረጠረች፤ ያስጠጋቻትን ጃርትን ሳይቀር ተቀየመቻት። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ጅቡ ይህም አልበቃው ብሎ አንበሳ ችሎት ከሰሳት።

«ጌታዬ፣ ይቺ ሴት፣ ልጄን ይዛ ስትንከራተት ነው የምትውለው። ልጄን ይስጡኝ!»

አህያ እውነትም ስትንከራተት ነበርና፣ እንዳይወስዱባት ብላ ውርንጭላዋን ከለለቻት።

ከችሎቱ ሽማግሌዎች መካከል እመት ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ለመሆኑ አያ ጅቦ፣ ሰኞ የት ነበረች?»

«ጠዋት ወንዝ፣ ከሰዓት ጃርት ቤት!»

«ማክሰኞስ?»

«ሸንበቆ ውስጥ! ሦስቴ ቦታ ቀይራለች።»

«አቤት ማወቅ! ምን ስትል ነበር?»

ጅብ ሞኝ አይደል? የተመሰገነ መስሎት ደረቱን ነፋ። «‹ዝም በይ ልጄ፣ አባትሽ እንዳይሰማን› ስትል!»

አንበሳ ጆሮውን አቆመ።

«አንተ እዚያ ሳትኖር እንዴት ሰማህ?» አለ አንበሳ።

«በስልኩ ነዋ! የት እንዳሉም የሚያሳየኝ እሱ ነው። የገዛሁት እኔ አይደለሁ እንዴ?»

አንበሳ ተነሥቶ ገመዱን በጥፍሩ በጠሰው። «ያንከራተትካት አንተ ነህ! ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። አንተ ደግሞ እነሱ በደረሱበት ዝር እንዳትል!»

አያ ጅቦ እያጉረመረመ ወጣ። አህያ ከችሎቱ በር ሳትርቅ እዚያው አቧራው ላይ ተጋደመችና፣ ውርንጭላዋ እየሳቀች ስታያት፣ እስኪበቃት ተንከባለለች።

ከዚህ የምንማረው፣ አንዲት እናት አልረጋ ብላ ስትንከራተት ብናይ፣ ከመውቀሳችን በፊት ከኋላዋ ማን እንዳለ መጠየቅ እንዳለብን ነው።