ፍልፈሏ፣ ጭቃውና የደምለው የአንድ ቀን ፈቃድ

የዛሬው ጨዋታ ከመሬት በታች ነው፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ ጭቃ የሚጸየፍ ራቅ ብሎ ይስማ።

ከአንድ ተራራ ሥር ውኃ የሚያልፍበት ዋሻ ይቆፈር ነበር። ቆፋሪዋ ማሽን ናት፤ ፊቷ እንደ ወፍጮ ይዞራል፣ ጥርሷ ብረት ነው፣ ጭራዋ ደግሞ መቼም አያልቅም። ሠራተኞቹ ፍልፈሏ ይሏታል። ፍልፈሏ አንድ ሜትር ተኩል ትበላና ትቆማለች። ሰዎቹ ከኋላዋ የኮንክሪት ቀለበት ይገጥማሉ። እሷም ቀለበቱን ተደግፋ እንደገና ትበላለች። ደምለው ከቀለበት ገጣሚዎቹ አንዱ ነበር።

የደምለው ፍላጎት ትንሽ ናት፤ የአንድ ቀን ፈቃድ። የበኩር ልጁ ነገ አርባ ቀን ይሞላዋል። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው፣ አርባኛውን ቀን ደግሞ ቆየኝ ብሎ የሚለምን የለም። ደምለው ልጁ ሲወለድ ዋሻ ውስጥ ነበር፤ እስካሁንም አላየውም። ሚስቱ እናኑ ግን በስልክ አጥብቃ ነግራዋለች፤ "ክርስትና ሳይነሣ ስለ ልጁ ለማንም እንዳትተነፍስ! የሰው ዓይን ክፉ ነው።" ስለዚህ በፈቃድ ቅጹ ላይ "ምክንያት" ከሚለው ፊት ለፊት፣ ሰው ሁሉ የሚጽፈውን ጻፈ፤ "ለማኅበራዊ ጉዳይ"።

የዋሻው አለቃ ኢንጂነር ፍሬው ወረቀቱን በሁለት ጣት አንሥተው አዩት። ሦስት ቀን እንቅልፍ ያላዩ ሰው ናቸው።

"የምን ማኅበራዊ ጉዳይ ነው አቶ ደምለው? ፍልፈሏ ተገትራ ሳለ? እሷ ሁለት ቀለበት ሳትሄድ አንድም ሰው ከዚህ ግቢ አይወጣም!"

"እሺ ጌታዬ" አለ ደምለው። ከቢሮው ሲወጣ ግን ግራ ገባው። እሷ ካልሄደች እሱ የሚገጥመው ቀለበት የለም። የሚገጥመው ቀለበት ከሌለ ሥራ የለውም። ሥራ ከሌለው ታዲያ ለምን አይሄድም? ነገሩን ቢያገላብጠው ቢያገላብጠው ራሱን አዞረው። ያም ሆነ ይህ፣ ኢንጂነሩ አይፈርሙም ፍልፈሏ ካልሄደች።

ወደ ዋሻው ወረደና የፍልፈሏን ነጂ ኦላናን አገኘው። ኦላና እግሩን ዘርግቶ፣ የማሽኗን ቁልፍ ኪሱ ከትቶ ተቀምጧል።

"አንተ ኦላና፣ ምን ሆና ነው የማትሄደው?"

"አፏ ሞልቶ እንዴት ትሂድ? ና እየው።"

አየው። የመረሬ አፈር ነው፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጥርሷን በሙሉ ሸፍኖ አንድ ወጥ ሆኗል። "ውኃ እያጠጣነው ሦስት ቀናችን ነው" አለ ኦላና፤ "ባጠጣነው ቁጥር ባሰበት። አካፋ ብንሰድበት አካፋውን ያዘው፣ አካፋውን ለማስለቀቅ ዲጂኖ ብንሰድበት ዲጂኖውንም ያዘው።"

ደምለው ውኃ ጭቃን ያጥባል ሲባል እየሰማ ነው ያደገው። ጭቃውን በጣቱ ነካ አደረገና "ምን አለበት ብትለቃት?" አለው። ጭቃው መልስ አልሰጠም፤ ጓንቱን ግን ወሰደበት። እንግዲህ ኢንጂነሩ አይፈርሙም ፍልፈሏ ካልሄደች፤ ፍልፈሏ አትሄድም ጭቃው ካልለቀቃት።

"ሰናይትን ጠይቃት" አለው ኦላና። ሰናይት የአረፋ ባለሙያዋ ናት፤ ሰማያዊ በርሜሎቿ መካከል ቆማ ከራሷ ጋር ትጣላለች።

"ይህ ጭቃ ውኃ ብቻውን ሲነካው ሙጫ ነው የሚሆነው!" አለችው ገና አፉን ሳይከፍት። "የሚያስለቅቀው አረፋ ነው። አረፋው መሐሉ ይገባና እርስ በርሱ እንዳይያያዝ፣ ብረቱንም እንዳይዝ ያደርገዋል። ስናገር ማን ሰማኝ?"

"ታዲያ አረፋሽ የታለ እህቴ?"

ሰናይት ቧንቧውን ከፈተችው። ቧንቧው ተንደቀደቀና ግራጫ ነገር እንትፍ አለ።

"ይህ አረፋ ነው? ምራቅ ነው እንጂ! ከዋሻው የምንስበው ውኃ ድፍርስ ነው፣ ድፍርስ ውኃ አረፋዬን ይገድለዋል። ንጹሕ ውኃ አምጡልኝና ጉድ ታያላችሁ።"

ደምለው ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ፤ እንዳይረሳውም ጮክ ብሎ አለው። ኢንጂነሩ አይፈርሙም ፍልፈሏ ካልሄደች፤ ፍልፈሏ አትሄድም ጭቃው ካልለቀቃት፤ ጭቃው አይለቅም አረፋው ካልመጣ፤ አረፋው አይመጣም ንጹሕ ውኃ ካልተገኘ።

ንጹሕ ውኃ የሚያመጣው ቦቴው ነው። ቦቴው ከትናንት ጀምሮ የውኃ ሽታ ሆኗል። ደምለው ከዋሻው ወጣ፤ ፀሐዩ ዓይኑን ወጋው። አቧራውን እየረገጠ ዳገቱን ወርዶ ኩርባው ጋ ቢደርስ፣ ቦቴው ሆዱን ሞልቶ ቆሟል። ሾፌሩ ሽኩር ጎማው ሥር በጥላው ተጋድሟል።

"ምነው ሽኩር? ሰው በውኃ ጥም እያለቀ አንተ ትተኛለህ?"

"በየት ልለፍ? ዓይን የለህም?"

ደምለው ዓይን ነበረው፤ ያየውን ግን አላመነም። ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር ሸክላ ተደርድሯል። ማሰሮ፣ እንስራ፣ ጋን፣ ጀበና፣ ከጀበናው ኋላ ደግሞ ሌላ ረድፍ ማሰሮ። አንዲት ድመት እንኳ ሳትሰብር አታልፍም።

"ጨፍልቀኸው አትሄድም?" አለ ደምለው፤ እንዳለው ወዲያው አፈረ።

"የሰው እጅ ሥራ? እኔ? እናቴ ብትሰማ ደጇን አታስረግጠኝም" አለ ሽኩር፣ ኮፍያውንም ፊቱ ላይ ደፋ።

ይኸውላችሁ፣ ኢንጂነሩ አይፈርሙም ፍልፈሏ ካልሄደች፤ ፍልፈሏ አትሄድም ጭቃው ካልለቀቃት፤ ጭቃው አይለቅም አረፋው ካልመጣ፤ አረፋው አይመጣም ንጹሕ ውኃ ካልተገኘ፤ ውኃው አይገኝም ቦቴው ካልደረሰ፤ ቦቴው አይደርስም ማሰሮው ካልተነሣ።

ማሰሮው ባለቤት አለው። ከመንገዱ ማዶ የሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ነው፣ የመንደሩም ትልቅ ሰው እትዬ ወለላ ናቸው። ስለ ሸክላ ሠሪ የሚወራውን ታውቁታላችሁ፤ ዓይናቸው ሰው ይበላል፣ ሕፃን አታሳዩአቸው ይባላል። ባዶ ወሬ ነው፤ ያንኑ ወሬ የሚያወራው ሰው ወጡን የሚሠራው በእነሱ ድስት ነው። ደምለው ግን በዚያ ወሬ ውስጥ ያደገ ሰው ነውና እግሩ ከበድ አለው።

"እንደምን ዋሉ እትዬ? ስለ መንገዱ ነበር…"

"ስለ መንገዱማ እኔም የምነግርህ አለኝ" አሉት እትዬ ወለላ ከተቀመጡበት ሳይነሡ። "ከዋሻችሁ የምታወጡትን፣ ጠጠርና ሳሙና የተቀላቀለበትን ድፍድፍ የት እንደደፋችሁት ታውቃለህ? አፈር የምናወጣበት ጉድጓድ ላይ። እናቴም የእናቴም እናት ከዚያ ነው አውጥተው የሠሩት። ጉድጓዱ ነው ጓዳችን። አሁን ዐሥራ አራት ቤት እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ማሰሮው የሚነሣው የምንሠራበት አፈር ሲሰጠን ነው።"

ትክክል ነበሩ፤ ትክክል መሆናቸው ደግሞ ደምለውን ጭራሽ አሳበደው። ሁሉም ትክክል ነው! ኢንጂነሩ ትክክል፣ ሰናይት ትክክል፣ ሽኩር ትክክል። ሁሉም ትክክል ሆኖ እንዴት ነው ምንም ነገር የማይንቀሳቀሰው? ኢንጂነሩ አይፈርሙም ፍልፈሏ ካልሄደች፤ ፍልፈሏ አትሄድም ጭቃው ካልለቀቃት፤ ጭቃው አይለቅም አረፋው ካልመጣ፤ አረፋው አይመጣም ንጹሕ ውኃ ካልተገኘ፤ ውኃው አይገኝም ቦቴው ካልደረሰ፤ ቦቴው አይደርስም ማሰሮው ካልተነሣ፤ ማሰሮው አይነሣም አፈሩ ካልተሰጠ። መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

"ምን ሆነሃል ልጄ?" አሉት እትዬ ወለላ።

ማኅበራዊ ጉዳይ ነው ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው። "ልጅ ተወልዶልኛል እትዬ። ነገ አርባ ቀኑ ነው። እስካሁን ዓይኑን አላየሁትም።"

ብሎት ደነገጠ። በሚስቱ ትእዛዝ ከኢንጂነሩ የደበቀውን፣ ከኦላና የደበቀውን፣ ወሬው ከሁሉ አስበልጦ ከከለከለው ሰው ፊት ዘረገፈው።

"ለእኔ ነው ይህን የምትነግረኝ?" አሉ እትዬ ወለላ። "ሰው ለእኛ ስለ ሕፃን አይነግረንም።"

"እኔ እንጃ እትዬ። ለእርስዎ ነው የነገርኩት።"

እትዬ ወለላ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ ቀና ሲሉም ስለ ልጁ አንድም ነገር አልተናገሩም። ይልቅ ጎንበስ ብለው ከደምለው ቦት ጫማ ላይ አንድ ቁራጭ ጭቃ ላጡ። አሹት፤ እንደ ገመድ አሞለሞሉት፤ ጣታቸው ላይ ጠመዘዙት። አልተሰነጠቀም።

"ይህን ከየት ረገጥከው?"

"ከፍልፈሏ አፍ ነው። እሱ ነው ሦስት ቀን የጨረሰን።"

"ይህማ ወርቅ ነው! ከእኛም ጉድጓድ ይበልጣል። ይህን አምጣልኝ፣ ማሰሮውን በዚያው ሰዓት አነሣለሁ።"

ደምለው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ኢንጂነሩ አይፈርሙም ፍልፈሏ ካልሄደች፤ ፍልፈሏ አትሄድም ጭቃው ካልለቀቃት፤ ጭቃው አይለቅም አረፋው ካልመጣ፤ አረፋው አይመጣም ንጹሕ ውኃ ካልተገኘ፤ ውኃው አይገኝም ቦቴው ካልደረሰ፤ ቦቴው አይደርስም ማሰሮው ካልተነሣ፤ ማሰሮው አይነሣም ጭቃው ካልተሰጠ፤ ጭቃው ደግሞ… ጭቃው ደግሞ አይለቅም! ዞሮ እዚያው!

"አይለቅም እኮ እትዬ!" ብሎ ጮኸ።

"በምን ነካችሁት?"

"በውኃና በአካፋ።"

እትዬ ወለላ ሳቁ፤ ጎረቤቶቻቸውንም ጠርተው አሳቁ። "መረሬን ውኃ አጠጥተው በብረት ይጎረጉሩታል፣ ሰማችሁ? ልጄ፣ እኛ እጃችንን ደረቅ አመድ እናስነካለን፤ እንጨቱንም እንዲሁ። ከዚያ ከጫፉ ቀስ ብሎ መላጥ ነው። አትታገለው፣ ጠብ አይወድም።" አንድ ጆንያ አመድና ሦስት ጠፍጣፋ እንጨት ሰጥተው ሸኙት።

ደምለው ጆንያውን ተሸክሞ ዳገቱን በሩጫ ወጣው። ኦላና መጀመሪያ ሳቀበት፣ ቀጥሎ ተከተለው። ማሽኗን ቆልፈው ወደ አፏ ገቡ፤ እጃቸውንም እንጨቱንም በአመድ አሹ። የመጀመሪያው ቁራጭ ከጫፉ ተነሣ። አመድ ነሰነሱበት፤ ከሥሩ ተላጠ። ቀስ እያሉ ሲሄዱ አንድ ጆንያ ሞላ፣ ሁለት ሞላ፣ ዐሥር ሞላ።

"ማን ፈቀደላችሁ?" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ኢንጂነር ፍሬው ናቸው።

"ማኅበራዊ ጉዳይ ነው ጌታዬ" አለ ኦላና።

ኢንጂነሩ ሊቆጡ ፈለጉ፤ ግን የፍልፈሏን ጥርስ አዩ። ከሦስት ቀን ወዲህ ማየታቸው ነው። ቀረብ ብለው በባትሪ ሲመለከቱ ሌላም ነገር ታያቸው። "መሐሏ ላይ ያለው መግቢያ ጠባብ ነው፤ ጭቃው እዚህ ጋ ነው የሚታጨቀው። እነዚህን ሁለት ብረቶች አውልቋቸው፣ አፏ ይስፋ። ከእንግዲህም ወደዚህ ውኃ ብቻውን እንዳይላክ!"

ከዚያ በኋላማ ማን ይያዘው! ጭቃው በጆንያ ተሰጠ፤ ማሰሮው ተነሣ። ማሰሮው ተነሣና ቦቴው ደረሰ፤ ቦቴው ደረሰና ውኃው ተገኘ፤ ውኃው ተገኘና አረፋው መጣ፤ ሰናይት እስከ ክርኗ ነጭ ሆና እልል አለች። አረፋው መጣና የቀረው ጭቃ ለቀቀ፤ ጭቃው ለቀቀና ፍልፈሏ ሄደች። አንድ ቀለበት፣ ሁለት ቀለበት። ሁለቱንም ደምለው ገጠማቸው። ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊትም ወረቀቱን ይዞ ቢሮው ደጃፍ ቆመ።

ኢንጂነሩ እስክሪብቶ አነሡ። "ለመሆኑ ይህ ማኅበራዊ ጉዳይ ምንድን ነው?"

አንዴ የወጣ ነገር ነው። "የልጄ ክርስትና ነው ጌታዬ፤ ነገ ጠዋት።"

እስክሪብቶው ከእጃቸው ወደቀ። "ክርስትና? የበኩር ልጅ ክርስትና? አንተ ሰው፣ እንዲህ ብለህ ብትጽፍልኝ በራሴ መኪና አደርስህ አልነበር!"

ደምለው መሳቅም መናደድም አቃተው። የትኛው እንደሚቀድም ሳይወስን ኢንጂነሩ ፈረሙ፤ እሱም ባዶውን በሚመለሰው ቦቴ ላይ ተሳፍሮ ሄደ።

በማግስቱ ማለዳ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲደርስ ጫማው ጭቃ፣ ፀጉሩ አመድ ነበር። "ምን ሆነህ ነው እስካሁን?" አለችው እናኑ። ሊነግራት ፈለገ፤ ኢንጂነሩ፣ ፍልፈሏ፣ ጭቃው፣ ማሰሮው… ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። እሷም መልሱን አልጠበቀችም፤ ልጁን አስታቀፈችው።

ልጁ ሞቃት ነበር፤ ከጠበቀውም ይከብዳል። ደምለው አየው፣ ደግሞ አየው፣ እንባውም መጣ። የክርስትና አባቱ ልጁን ለመቀበል ክንዱን ዘረጋ፤ ቄሱም ስጠው እንጂ በሚል ዓይን ደምለውን ተመለከቱት። ቄሱ አይጀምሩም የክርስትና አባቱ ካልተቀበለ፤ የክርስትና አባቱ አይቀበልም ደምለው ካልሰጠ።

"ትንሽ ይታገሡኝ አባ" አለ ደምለው፣ ልጁን ደረቱ ላይ አጥብቆ። "ገና አሁን ማየቴ ነው።"

ቄሱም መጽሐፋቸውን አጥፈው ጠበቁት።