ቀፎ የሚስመው ጓንጉል

ተረት ተረት!
— የቀፎ ማር ያለበት!
አልሰማኋችሁም! እኔንም እንደ ጓንጉል ልታደርጉኝ ነው? እንደገና!
— የቀፎ ማር ያለበት!
እሰይ፣ እንደሱ ነው።

በድሮ ዘመን ጓንጉል የሚባል ንብ አርቢ ነበረ። ጆሮውን ቀፎው ላይ ጣል ያደርግና ማር የሞላውን ካልሞላው ይለያል። ልጁ አትጠገብ ስትታጭም፦ የሰርግሽ ጠጅ ከገዛ ቀፎዬ ነው! ብሎ ማለላት።

ከዚያም ንዳድ ጣለው። ሦስት ሳምንት ነደደና ተነሣ። ሲነሣ ግን አንዱ ጆሮው ድፍን ብሏል፤ በሌላው ዝዝዝ የሚል ነገር ገብቶበታል። እሱ ምን ያውቃል! መንጋ ንብ መሰለውና ብድግ አለ።
ጓንጉል፦ ንብ መጣ! ባዶ ቀፎ አምጡ!
ሚስቱ እማዋይ፦ ኧረ አንተ ሰው! አንዲት ዝንብ እንኳ የለችም!
እሱ ይሰማል? አይሰማም። ጓሮውን ሲዞር ዋለ።

ለሰርጉ ወር ሲቀረው ቀፎዎቹን ሊያዳምጥ ወጣ። አንዱ ላይ ጆሮውን ቢጥል ዝዝዝ። ሌላው ላይ ቢጥል ዝዝዝ። ሁሉም ሞልቷል ብሎ ፈነጠዘና ከፈተ። የመጀመሪያው ባዶ! ሁለተኛው ማሩ ያልደረሰ ነበርና ንቦቹ ተቆጥተው ጥለውት ሄዱ። ያኔ የሚጮኸው የገዛ ጆሮው እንደሆነ ገባው።
፦ በቃ፣ ልጄን አዋረድኳት! አለና ሦስተኛው ቀፎ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። አንጀቴን ይበላኛል ይሄ ሰውዬ።

ሲያለቅስ ግን የጉንጩን አጥንት አንድ ነገር ነዘረው። ቀና አለ፤ ተወው። ጉንጩን መለሰ፤ ነዘረው። ሮጦ ባዶው ላይ ቢለጥፍ ጭጭ! ለካ የሚነዝረው የንቦቹ ድምፅ ነው! ከዚያም ከቀፎ ቀፎ ጉንጩን እያስደገፈ ዞረ። ጎረቤቶቹም፦ ጓንጉል ቀፎ ይስም ጀመር፣ ንዳዱ አልለቀቀውም! እያሉ ሳቁበት። ይሳቁ! የሞላ የሞላውን ለይቶ ቆረጠና ጠጁ ተጣለ።

በሰርጉ ዕለት ሰዉ ያንን ጠጅ ጠጥቶ መንደሩን በዘፈን አቀለጠው። ሙሽራዋ ልትሄድ ስትል ግን ጓንጉልን ጭንቅ ያዘው። ከታመመ ጀምሮ የልጁን ድምፅ አልሰማም። ምርቃት ስትለምነው አይሰማት ይሆን?
አትጠገብ ጉልበቱን ሳመች። አባቷ ቀፎ ሲያዳምጥ ስታየው ከርማለችና ተነሥታ ጉንጯን ከጉንጩ አጣበቀች።
አትጠገብ፦ አባዬ፣ መርቀኝ።
በአጥንቱ ገባለት!
ጓንጉል፦ ሰማሁሽ! ሰማሁሽ ልጄ! ቤትሽ እንደ ቀፎ ይሙላ!

የጆሮው ጩኸት እስኪሞት ድረስ አልተወውም። ሰው ሲጠይቀው ግን፦ ተዉት፣ የልጄ ሰርግ ነው፤ ገና አልተበተነም ይል ነበር።

ተረቴ አለቀች። እናንተ ሰማችሁ፣ እኔ ደከምኩ። በሉ ዳቦ ቁረሱልኝ፤ ማር የደበቀ ካለም ይቀባልኝ!